የሞተር ሳይክል ካቴና ርግበት ጉድለት አይደለም፦ «በአምስት ደቂቃ ካቴናዎን ይወጥሩ» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በአምስት ደቂቃ ካቴናዎን ይወጥሩ» የሚል ጽሑፍ ሞተር ሳይክል በሚነዱ ሰዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። አጭር ነው፤ ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የወደደውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ከያዛቸው ስድስት ምክሮች እንዳለ ተወስዶ ሊሠራበት የሚችል አንድም የለም፤ ሁለቱ ደግሞ ሰው የሚጎዱ ናቸው።

ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። ካቴና ከረገበ ኃይል ያባክናል፤ ስለዚህ በጣት ሲገፋ እስከማይነቃነቅ ድረስ ይወጠር። የኋላውን ጎማ በያዘው ሹካ ግራና ቀኝ የተቀረጹት ምልክቶች እኩል መስመር ላይ ከዋሉ ጎማው ቀጥ ብሏል፤ ሌላ መለኪያ አያሻም። ርግበቱን አንድ ቦታ ላይ ማየት ይበቃል። ከዚያ የአክስሉን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ ጉልበት እስከፈቀደ ጠርቅሞ ማሰር ነው፤ ሥራው አለቀ። አክስሉን ወደ ኋላ የሚወስደው ማስተካከያ ብሎን ጫፍ ደርሶ ካቴናው አሁንም ከረገበ ከካቴናው ቀለበት ቀንሶ መቀጠል ይቻላል። በመጨረሻም ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ፣ ጎማው በራሱ እየዞረ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት።

የማልከራከርባቸውን ላስቀድም። ይህን ሥራ ማንኛውም ነጂ በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል የሚለው እውነት ነው፤ ሁለት ሦስት ቁልፍ፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃሉ። ካቴና በየ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር መታየት አለበት ማለታቸውም ትክክል ነው። ከልክ በላይ የረገበ ካቴና አደገኛ መሆኑን መጥቀሳቸውንም እደግፋለሁ፤ ከጥርሱ ዘሎ ከወጣ የኋላውን ጎማ ሊቆልፍ፣ ወይም በፊቱ ስፕሮኬት (ካቴናው በሚዞርበት ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ዙሪያ ተጠቅልሎ የሞተሩን ቅርፊት ሊሰብር ይችላል። የተሳሳቱት ከዚህ ተነስተው የመፍትሔውን ልክ ሲወስኑ ነው።

ዋናው ስህተት ርግበቱ ላይ ነው። ጸሐፊው ርግበትን ያዩት በቸልታ እንደመጣ ጉድለት ነው። የኋላ ሹካው የሚታጠፍበት ፒን ግን ከፊቱ ስፕሮኬት መሃል ጋር አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ ከእሱ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ነው የተተከለው። ስለዚህ ሹካው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር በፊቱ ስፕሮኬት መሃልና በኋላው አክስል መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። የስፕሮኬቱ መሃል፣ የሹካው መታጠፊያና አክስሉ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ ርቀቱ ከሁሉም ይበልጣል። ካቴናውም በጣም የሚወጠረው ያኔ ነው። ሞተሩ ባዶውን ቆሞ ስንለካ የምናገኘው ርግበት ለዚያ ሰዓት የተቀመጠ ትርፍ ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የሹካው መታጠፊያ ከፊቱ ስፕሮኬት መሃል 80 ሚሊሜትር ይራቅ፤ ሹካው ደግሞ 480 ሚሊሜትር ይርዘም እንበል። ሞተሩ ሰው ሳይቀመጥበት ሲቆም ሹካው ከዚያ ቀጥታ መስመር በ7 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ቢገኝ፣ ሰው ተጭኖበት ጉድጓድ ሲመታ ሦስቱ ነጥቦች ቀጥ እስኪሉ ድረስ ርቀቱ በ0.5 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ካቴናው በላይም በታችም ስለሚያልፍ 1 ሚሊሜትር ተጨማሪ ርዝመት ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያቺ አንድ ሚሊሜትር ናት እንግዲህ፣ በታችኛው የካቴና መስመር መሃል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ 33 ሚሊሜትር ገደማ ርግበት ሆና የምትታየው። ለዓይን ብዙ የሚመስለው ርግበት በርዝመት ሲሰላ ይህችን ብቻ ያክላል። የጽሑፉን ምክር የተከተለ ሰው የሚያጠፋት እሷኑ ነው።

ትርፉ ከጠፋ ሹካው ወደ ላይ መውጣት ሲፈልግ ካቴናው ይይዘዋል። አሞርዛተሩ ሊውጠው የሚገባው ግፊት በካቴናው በኩል ዞሮ የፊቱን ስፕሮኬት በተሸከመው ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ከዚያ ዘንግ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ የኋላው ጎማ ኩሽኔታዎች ይላላሉ፤ የካቴናው ፒኖች ከዕድሜያቸው በፊት ይበላሉ። ሁሉም ቀስ ብለው የሚመጡ ጉዳቶች ስለሆኑ በተወጠረ ሰሞን ምንም አይታይም፤ እንዲያውም ሞተሩ የተሻለ መስሎ ይሰማል። ይህ ምክር ሰዉን የሚያሳምነውም በዚህ ይመስለኛል።

«ኃይል ያባክናል» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው። ጋዝ በተሰጠ ጊዜ ጎማውን የሚጎትተው የላይኛው መስመር ነው፤ እሱ ሁልጊዜም የተወጠረ ነው። ርግበቱ የሚሰበሰበው በታችኛው መስመር ላይ ስለሆነ ከሚተላለፈው ኃይል የሚቀንሰው የለም። ርግበት ሲበዛ ጋዝ በሚሰጥበትና በሚለቀቅበት ጊዜ ሞተሩ ይነጥራል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መነጠርና ኃይል መባከን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአንጻሩ ከመጠን በላይ የተወጠረ ካቴና በሰበቃ ኃይል ይበላል፤ ከመንገድ ሲመለሱ በጣም ሞቆ መገኘቱም ምልክቱ ነው።

ትክክለኛው ልክ ስንት ነው? የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜም የኋላ ሹካው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለአስፋልት የተሠሩ አብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ወይም ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ይላሉ። ሹካቸው ረጅም ጉዞ የሚሄድ የጥርጊያ መንገድ ሞተሮች ከ35 እስከ 50፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ለዚህ ነው «አንድ ልክ ለሁሉም» የማይሠራው። መመሪያው በጎን ማቆሚያ ይለካ ካለ በጎን፣ በመሃል ማቆሚያ ካለ በመሃል ይለኩ፤ የሹካው ማዕዘን በሁለቱ አቋቋሞች ስለሚለያይ ቁጥሩም ይለያያል። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ማስመሪያውን በሁለቱ ስፕሮኬቶች መሃል አጠገብ ያቁሙ፤ ካቴናውን ወደ ላይ እስኪያቆም ገፍተው አንድ ፒን የደረሰበትን ያንብቡ፤ ወደ ታች ስበው ያንኑ ፒን እንደገና ያንብቡ። ልዩነቱ ርግበቱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሞተሮች ላይ የሚገኘው ባለ 8 ሚሊሜትር ማስተካከያ ብሎን በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ይሄዳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ርግበቱ 40 ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሁለቱም በኩል ሩብ ዙር ብቻ ማዞር ወደ 30 ያወርደዋል። ሌላ ሩብ ዙር ሲጨመር ግን ወደ 14 ገደማ ይወድቃል። እየተወጠረ በሄደ ቁጥር ያችው ሩብ ዙር የምታመጣው ለውጥ እየበዛ ይሄዳል፤ ሙሉ ዙር የሚያዞር ሰው ልኩን ሳያየው ያልፈዋል።

ርግበቱን አንድ ቦታ ላይ ማየት ይበቃል የሚለው ለአዲስ ካቴና ብዙም አይጎዳም። የሠራ ካቴና ግን እኩል አይበላም፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ይረዝማል፣ ስፕሮኬቱም ፍጹም ክብ ላይሆን ይችላል። ማርሹን ነጻ አድርገው ጎማውን በእጅ ጥቂት እያዞሩ አራት አምስት ቦታ ይለኩ፤ ማስተካከያው የሚደረገው በጣም በተወጠረው ቦታ ላይ ነው። በረገበው ቦታ የተስተካከለ ካቴና የተወጠረው ክፍል በዞረ ቁጥር ከላይ የተናገርነውን ጉዳት ሁሉ ያመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ከሰፋ፣ ለምሳሌ አንዱ ቦታ 20 ሌላው 45 ቢሆን፣ ማስተካከያ አይፈታውም፤ ካቴናው ይለወጥ።

አሁን ወደ ጎማው መስመር። ጽሑፉ ሙሉ እምነቱን የሹካው ምልክቶች ላይ ጥሏል። ምልክቶቹ መነሻ ይሆናሉ፤ እኔም ከእነሱ ነው እንዲጀመር የምመክረው። ችግሩ ስንት ሚሊሜትር ያህል ልንታመንባቸው እንደምንችል ነው። በሁለቱ ማስተካከያ ብሎኖች መካከል 200 ሚሊሜትር ቢኖር፣ በአንዱ በኩል የምትሳሳት 1 ሚሊሜትር 560 ሚሊሜትር ርቆ ባለው የፊት ስፕሮኬት ላይ 2.8 ሚሊሜትር ትሆናለች። በ1250 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ባለው የፊት ጎማ ላይ ደግሞ ከ6 ሚሊሜትር ታልፋለች። የምልክቱ መስመር ራሱ አንድ ሚሊሜትር ሊወፍር ይችላል። በዚያ ላይ ምልክቱን የያዘው ቁራጭ ብረት በቦታው ላይ ይጫወታል፤ ሞተሩ ወድቆ ከነበረ ደግሞ ጥቂት ታጥፎ ሊሆን ይችላል። እኩል ቁጥር ላይ መዋላቸው ጎማው ቀጥ ማለቱን ሳይሆን ምልክቶቹ እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው የሚነግረን።

የተሻለው የመጀመሪያ ፍተሻ ከሹካው መታጠፊያ ፒን መሃል እስከ አክስሉ መሃል በሁለቱም ጎን መለካት ነው። ሜትሩ እንዳይጎብጥ ቀጥ ያለ ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት አድርጎ ማነጻጸር ይበልጥ ያስተማምናል። ከዚያ ካቴናውን ከኋላ ዝቅ ብሎ በአንድ ዓይን በመስመሩ ማየት ነው፤ ከኋላው ስፕሮኬት ወጥቶ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ አንድ ጎን የሚጎብጥ ከሆነ ጎማው ዞሯል። የስፕሮኬቱ ጥርሶችም ይናገራሉ። ጎናቸውን በጨርቅ ጠርገው ሲያዩአቸው በአንድ በኩል ብቻ የተላጨና የሚያብረቀርቅ ፊት ካላቸው፣ የካቴናው ውስጠኛ የጎን ብረት በዚያ በኩል ሲያሻቸው ኖሯል። ሁለቱም ጎን እኩል ደብዛዛ ከሆነ መስመሩ ደህና ነበር።

ለሁለቱ ጎማዎች ደግሞ ሲባጎ ይበቃል። ሞተሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። ረጅም ሲባጎ ከኋላው ጎማ ጀርባ ዞሮ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ይምጣ፤ ማቆሚያውና ጭስ ማውጫው በማይነኩት ከፍታ ይሁን። ጫፎቹን ከፊት ጎማው አልፎ በተቀመጠ ከባድ ነገር ላይ ያስሩና፣ ሲባጎው በሁለቱም በኩል የኋላውን ጎማ የፊት ጠርዝ ገና ሊነካ እስኪል ድረስ ያጥብቡት። ያኔ ሁለቱ ክሮች ከኋላው ጎማ ጋር ትይዩ ይሆናሉ። መሪውን ቀጥ አድርገው በክሩና በፊት ጎማው መካከል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ ይለኩ። የኋላው ጎማ 100፣ የፊቱ 80 ሚሊሜትር ስፋት ካለው በየጎኑ 10 ሚሊሜትር መገኘት አለበት።

በግራ 7፣ በቀኝ 13 ተገኘ እንበል። የኋላው ጎማ ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሯል ማለት ነው፤ መፍትሔውም የአክስሉን ግራ ጫፍ ወደ ኋላ ማምጣት ነው። ምን ያህል? ስህተቱ በፊት ጎማው ላይ 3 ሚሊሜትር ነው፤ በ200 እና በ1250 ስናነጻጽረው በማስተካከያው ላይ 0.5 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግራውን በአንድ አምስተኛ ዙር ወደ ኋላ፣ ቀኙን በዚያው ልክ ወደ ፊት ማድረግ ይበቃል፤ ርግበቱም ብዙ አይለወጥም። በምልክቶቹ ላይ ይህን የምታህል ልዩነት ማየት አይቻልም። ጽሑፉ «ሌላ መለኪያ አያሻም» ማለቱን የምቃወመው ለዚህ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሲባጎው አንድ ነገር፣ ካቴናው ሌላ ነገር ይናገራሉ። ጥቂት ሞተሮች የኋላ ጎማቸው ከፋብሪካው ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ጎን እንዲወጣ ተደርገው ስለሚሠሩ መመሪያውን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ውጪ ከሆነ የታጠፈ ሹካ ወይም ሻሲ፣ አለዚያም ጎማ ሲፈታ በአክስሉ ላይ ያሉት አጭርና ረጅም ቱቦዎች ግራና ቀኝ ተለዋውጠው መግባታቸው ነው። ይህን በማስተካከያ ብሎን አስገድዶ ማቃናት አይገባም፤ ካቴናውን ከጥርሱ ጋር አጋጭቶ ጎማውን ቀጥ ማስመሰል ብቻ ይሆናል።

«ዳዶውን ጠርቅሞ ማሰር፤ አለቀ» የሚለው ላይ ብዙ ነገር ተዘሏል። ከመጀመሪያው ልጀምር። የአክስሉ ዳዶ ላይ የመቆለፊያ ሽቦ ካለ ይውጣ፤ በቦታው የሚገባው አዲስ ይሁን። በአንዳንድ ትናንሽ ሞተሮች በስፕሮኬቱ በኩል ሁለተኛ ትልቅ ዳዶ አለ፤ እሱ ካልላላ አንዱ ጎን ብቻ ይንቀሳቀስና ጎማው ይጣመማል። ፍሬኑ ባለ ሸራ ከሆነ የፍሬኑን ሳህን ከሹካው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ዳዶም መላላት ይኖርበታል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ፣ ዳዶው ገና ሳይጠብቅ፣ የታጠፈ ጨርቅ ካቴናው ከላይ ወደ ኋላው ጥርስ በሚገባበት ቦታ ያስገቡና ጎማውን በእጅ ወደ ኋላ ያዙሩ። ጨርቁ ሲነከስ አክስሉ ወደ ፊት ተስቦ ሁለቱም ማስተካከያዎች ላይ ይደገፋል። ጣት ከጨርቁ ይራቅ። ዳዶው በዚያው እንዳለ ይጥበቅ። ይህ ካልተደረገ ዳዶው ሲጠብቅ አክስሉ ይንሸራተታል፤ ሲለካ ልክ የነበረው ርግበት ሲታሰር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከታሰረ በኋላ እንደገና ይለካል። የማሰሪያው ልክ በመመሪያው አለ፤ ለትናንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ኒውተን ሜትር፣ ለትላልቆቹ 100 እና ከዚያ በላይ ነው። «ጉልበት እስከፈቀደ» ልክ ሊሆን አይችልም፤ የአንዱ ሰው ጉልበት የዳዶውን ጥርስ ይልጣል፣ የሌላው ደግሞ ያላላዋል። ጎማውን በቦታው የሚይዘው የዚህ ዳዶ ጭነት ነው፤ ማስተካከያ ብሎኖቹ ቦታ ይጠቁማሉ እንጂ ጎማ አይሸከሙም።

ፍሬኑ ደግሞ ፈጽሞ አልተነሳም። ጎማው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ባለ ሸራው ፍሬን ዘንግ ይወጠራል፤ የፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ ያንሳል። ለብዙዎቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር መሆን ያለበት ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሸራው ሳይረገጥ ይያዛል፣ ይግላል። የፍሬን መብራቱ የሚበራበት ቦታም ይለወጣል። የሳህኑ ዘንግ ዳዶ ሳይታሰር ከተረሳ ደግሞ ፍሬን ሲረገጥ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ጎማው በድንገት ይቆለፋል። ሰው ይጎዳሉ ካልኳቸው ሁለቱ አንዱ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ባለው ሳይሆን በዘለለው።

ቀለበት መቀነስ ለምን እንደማያዋጣ ለመረዳት ካቴና «ተለጠጠ» ሲባል ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል። የጎን ብረቶቹ አይለጠጡም፤ የሚበላው ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቱቦ ነው። 428 የሚባለው የመጠን ቁጥር ያለው ካቴና አዲስ ሳለ 21 ፒን ተቆጥሮ ከመጀመሪያው መሃል እስከ መጨረሻው መሃል 254 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 259 ሲደርስ ዕድሜው አልቋል። በ520፣ በ525 እና በ530 ቁጥሮቹ 317.5 እና 323 ናቸው። በ428 ላይ 5 ሚሊሜትር ለ20 መጋጠሚያ ሲካፈል በእያንዳንዱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። የስፕሮኬቱ ጥርሶች ግን በ12.7 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ የካቴናው ሮለሮች ከዚያ ስለሰፉ ወደ ጥርሱ ጫፍ ይወጣሉ፣ ጭነቱም በጥቂት ጥርሶች ላይ ይወድቃል። ውስጠኛና ውጫዊ ቀለበት ጥንድ ሆነው ስለሚወጡ 25.4 ሚሊሜትር ይቀነሳል፤ አክስሉም 12.7 ወደ ፊት ይመለሳል። የቀሩት መጋጠሚያዎች ሁሉ ግን እንደተበሉ ናቸው። ማስተካከያው ጫፍ መድረሱ ካቴናው እንዳለቀ የሚናገር ምልክት ነበር፤ ጽሑፉ ምልክቱን ነው የሚያጠፋው። አዲስ ካቴና ሲገባ ሁለቱም ስፕሮኬቶች አብረው ይለወጡ። መገናኛው በክሊፕ የሚያዝ ከሆነ የክሊፑ ድፍን ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

ስለ ዘይቱ ብዙ አልልም። የተቃጠለ ዘይት ከምንም ይሻላል ቢባል እስማማለሁ፤ ግን የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ ይመጣል፣ ቀጭን ስለሆነም ተረጭቶ ያልቃል። ከ80 እስከ 90 ቁጥር ያለው የማርሽ ዘይት ወይም ለካቴና ተብሎ የተሠራው ይሻላል። ባለ ጎማ ቀለበት ካቴና (በፒኖቹ ላይ ግራሶ የሚያስቀሩ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ያሉት) በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ እነዚህን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻሉ፣ በፋብሪካ የተሞላው ግራሶም ይወጣል።

ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መቀባት የሚለው ግን የአሠራር ልዩነት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጨርቅ የያዘ እጅ ካቴናው ወደ ጥርሱ በሚገባበት ቦታ ከተያዘ፣ የሚዞረው ጎማ ጣት እስኪቆርጥ ድረስ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ፍሪሲዮን ለመያዝም ጊዜ አይሰጥም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ ጎማውን በእጅ እያዞሩ መቀባት የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው። ጸሐፊው የቀረውን ባያርሙ እንኳ ይህችን አንዲት መስመር ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው ቢያወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጽሑፉን ያጋሩ ሰዎችም ለላኩላቸው ሁሉ መልሰው ቢናገሩ።